ትርፉ ዘለላ መቼ ይቆረጥ?

ጅቡቲ ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ ካፌ ቁጭ ብለው ቡና የሚጠጡ ወገኖቼ ቴምር አልሚ መሆኔን ሲሰሙ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዛፌ ዓምና ሸክሙን አልቻለም ነበር፤ ዘንድሮ ምነው ነጠፈ?» ዓምና ስላልተቀነሰለት ነው እላለሁ።

ብዙ ሰው ፍሬ የሚቀነሰው የቀረው እንዲፋፋ ብቻ ይመስለዋል። የከርሞ አበባ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቴምር የሚያብበው ከዘንባባው ብብት ነው፤ እምቡጡም ለዓይን ከመታየቱ ከወራት በፊት ይጀመራል። ዛፉ ያለውን ሁሉ ለዘንድሮው ዘለላ ካሟጠጠ ለዚያ እምቡጥ የሚተርፈው የለም። ፍሬው ከበሰለ በኋላ መቁረጥ ለቀማ እንጂ ማሳሳት አይደለም።

የአሜሪካ ኦክላሆማ ፔካን አብቃዮች በዚህ ረገድ ጠንቃቆች ናቸው። ፔካን የሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ በቅርፊቱ ውስጥ የሚሞላው ቅባት ነው፤ ቅባት ደግሞ ለዛፍ ከስኳር ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ግድም ፍሬውን ሰንጥቀው ያያሉ። ውስጡ ገና ውኃ ሳለ ግንዱን በማሽን ነቅንቀው ትርፉን ያረግፋሉ። ወደ ሊጥነት ከተለወጠ ዛፉ ስንቁን ከፍሏል።

የቴምሩ ጣጣ ለየት ይላል። ሴቴዋን የምናዳቅላት በእጃችን ነው፤ የወንዴውን አበባ ቆርጠን በእሷ አበባ መሐል እናስራለን። ለማዳቀል ዛፉ ላይ ከተወጣ አይቀር፣ የአበባውን ክሮች ጫፍ እዚያው መቁረጥ ይቀላል፤ ለከርሞም ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ግን ብናኙ ባይዝስ? ቸኩሎ ብዙ የቆረጠ ባዶ ዘለላ ታቅፎ ይቀራል። እኔ ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ በማዳቀያው ዕለት የክሮቹን ጫፍ ሲሶ ያህል፣ መያዙን ካየሁ በኋላ ደግሞ ትርፉን ዘለላ ከነመያዣው። የተለመደው ስሌት ለአንድ ዘለላ ከ8 እስከ 10 አረንጓዴ ዘንባባ ነው። ውኃው ጨው በሚቀናው በጅቡቲ ምድር ወደ 10ሩ አደላለሁ።

ከባዱ የዛፉን ባለቤት ማሳመን ነው። «ፈጣሪ የሰጠውን ሲሳይ ትጥላለህ?» ይሉኛል፤ እውነትም ጥሬ ዘለላ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ያስቆጫል። ለዚህ ነው ብዙው ሰው ሳይወስን ሰንብቶ፣ ዛፉ ከከፈለ በኋላ የሚቆርጠው።

በኢትዮጵያ አፋር አሳይታና አፋምቦ ያላችሁ ቴምር አብቃዮችም፣ ዛፋችሁ ከበዛበት ዘንባባውንና ዘለላውን ቁጠሩ፤ ትርፉንም ካዳቀላችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳያልፍ ቁረጡት።