ስፌቱ የማይታይ ስም

የአናጺን ሙያ ማወቅ የፈለገ ሰው መጋጠሚያውን ያያል። ስምም እንዲሁ ነው።

ከአዊ ዞን ጎን ባለችው ሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1618 አይቶ የጻፈው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሙሉ ስሙ ፔድሮ ፓኤዝ ሃራሚዮ ነው። መካከለኛውን ስም ልብ በሉት። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤዝ» «የእገሌ ልጅ» ማለት ናት፦ ፓኤዝ የፓዮ ልጅ፣ ማርቲኔዝ የማርቲን ልጅ፣ ሮድሪጌዝ የሮድሪጎ ልጅ። ሃራሚዮ ደግሞ የሰውም የአገርም ስም ነው፤ በቡርጎስ አውራጃ ሃራሚዮ ዴ ላ ፉዌንቴ፣ «ባለ ምንጯ ሃራሚዮ» የምትባል መንደር አለች። አባትና ቀዬ በአንድ ሰው ስም ጎን ለጎን ተሰፍተዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ስፌቱ ግን ይታያል።

የግእዙ ባለሙያ እጅ ከዚህ ይቀጥናል። «ወልድ» የሚለውን ቃል ወስዶ ሳድሷን «ድ» ወደ ግእዟ «ደ» ይመልሳታል፤ «ወልደ» ትሆንና የሚከተለውን ስም አጥብቃ ትይዛለች። አንድም ፊደል አልተቀጠለም፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ተከፈተች። ገብር ገብረ፣ ኃይል ኃይለ የሚሆነውም በዚሁ ጥበብ ነው።

ሰባት ቤት አገው በሚባሉት አዊዎች ዘንድ ስፌቱ ጭራሽ ጠፍቷል። ትውፊታቸው ሰባት ወንድማማቾችን ይቆጥራል፦ ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል። በእነዚህ ስሞች ላይ «የእገሌ ልጅ» የሚል ጭራ የለም፤ «የእገሌ አገር» የሚል ቅጥያም የለም። ያው ቃል ሰው ነው፤ ያው ቃል ዘር ነው፤ ያው ቃል መሬት ነው። ዛሬም ባንጃ፣ አንከሻና ዚገም በወረዳ ስም፣ መተከልም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዞን ስም ይጠራሉ። አንድ የአዊ ሰው «ዚገም ልሄድ ነው» ሲል መንገዱን ይናገራል፤ በዚያው አፍ የአባቶቹን ወንድም ይጠራል። ከዚህ የበለጠ የጠበቀ መጋጠሚያ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚላላው ትርጉሙ ሲረሳ ነው። ስለዚህ ሰባቱን ስሞች ለልጆቻችሁ ስትነግሩ የቦታ ስም ብቻ አድርጋችሁ አትንገሯቸው፤ የወንድማማቾችም ስም መሆኑን ንገሯቸው።