ከግድግዳ የተደገፈ ኩበት

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ የአካባቢው ሰው ቅጠል እየመለመለ እሳት ሊያጠፋ ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ጓሳውና አስታው ሲቃጠል የሁላችንም ዓይን ተራራው ላይ ነበር። እኔ አናጢ ነኝ። ከዚያ በጋ ወዲህ ቤት እንድጠግን ስጠራ መዶሻዬን ሳላወጣ ቤቱን አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ።

የምፈልገው ኩበት ነው። በየቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይከመራል። ነፋስ ያመጣት አንዲት ፍንጣሪ እዚያ ውስጥ ከገባች ነበልባል አይታይም፤ ኩበቱ ውስጥ ውስጡን እየጋመ ለሰዓታት ይቆያል። ሰው ሰደድ እሳቱ ጠፋ ብሎ ሲተኛ ሌሊት ክዳኑን ይይዘዋል። የእናቴ ማድቤት የተቃጠለው እንዲህ ነው። ያን ኩበት የከመርኩት እኔ ነበርኩ።

«ልጄ፣ ዝናብ እንዳይነካብኝ እኮ ነው» ይሉኛል እናቶች። እውነታቸውን ነው፤ የራሰ ኩበት አይነድም። ስለዚህ «አንሱት» ብሎ መሄድ አይበቃም። 20 እርምጃ ያህል ራቅ አድርጌ፣ የበጋው ነፋስ ከቤቱ ወደ ውጭ በሚነፍስበት በኩል አራት ቋሚ ተክዬ አሮጌ ቆርቆሮ አለብሳቸዋለሁ። ለዚያች ዳስ ዋጋ አልቀበልም። የጭዱንም ክምር ወደዚያው እንወስደዋለን።

ባለ ቆርቆሮ ቤቶች ስጋት የለብንም ይላሉ። ቆርቆሮ እርግጥ አይነድም፤ በሸንተረሩና በግድግዳው አናት መካከል ግን ክፍተት ይቀራል፤ ወፍ እዚያ ሣር እያመላለሰች ጎጆ ትሠራለች። የደረቀው ሣር ከወጋግራው ጋር ይነካካል። ጎጆውን አውጥቼ ክፍተቱን በጭቃ እደፍነዋለሁ። ከጤፍ ጭድ ጋር የቦካ ጭቃ እንጨቱን ከእሳት ይከልለዋል፤ ሲሰነጠቅ ግን ማገሩ ይጋለጣል። ስለዚህ ክረምቱ እንደወጣ ምርጊቱ መታደስ አለበት።

ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ከሆነ በታች በኩል ያለውን ሣር ሰፋ አድርጎ ማጨድ ነው፤ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን እያደረቀ ይፈጥናል።

በመጨረሻ ጋጣውን አያለሁ። መዝጊያው በገመድ ከታሰረ ፈትቼ በአንድ እጅ የሚሳብ የእንጨት መወርወሪያ አደርግለታለሁ። በቅርቡ አንዲት እናት በሌሊት ጭስ ውስጥ እንዳሉ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲከፍቱት ለመንኳቸው። በሦስተኛው ሙከራ ከፈቱት፤ ላሟም ወጣች።