ኡሁሩና ሽቦው

በታኅሣሥ ሌሊት ሰቆጣ ላይ ደጅ የወጣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦም ቢሆን ቀና ማለቱ አይቀርም፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በኮከብ የተሞላ ነው። ኤክስሬይ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም አይደርሰንም፤ አየሩ ይውጠዋል። ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ አናት ላይ ቢወጡም ያው ነው።

ለዚህ ነው ከአየሩ በላይ ወጥታ ኤክስሬይ የቃኘችውን ሳተላይት፣ ኡሁሩን፣ የምወዳት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ የጣሊያኖች መድረክ ተወነጨፈች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት ቀን ነበርና በስዋሂሊ «ነጻነት» ተባለች። (ይህን ለልጆቻችን አለመንገራችን ይገርመኛል።)

ዐይኗ መስታወት አልነበረም፤ ጋዝ የተሞላ ሣጥን እንጂ። በስስ የቤሪሊየም መስኮት የገባ ኤክስሬይ የጋዙን አተም መትቶ ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል፤ ኤሌክትሮኑ ኤሌክትሪክ ወዳለበት ቀጭን ሽቦ ሲሮጥ ሌሎችን እያስለቀቀ ይበዛል፤ ሽቦው ትር ይላል። የትርታው መጠን የጨረሩን ጉልበት ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው! በዚህ ሽቦ 339 የኤክስሬይ ምንጮች ተመዘገቡ። ሥራውን የመሩት ሪካርዶ ጃኮኒ ኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2002፣ ኖቤል ተሸለሙ።

ከምንጮቹ አንዱ፣ ሲግነስ ኤክስ-1፣ ብርሃኑ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲዋዥቅ ታየ፤ ጥቁር ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም የተባለው ያኔ ነው። አብሮት የሚዞረው ግዙፍ ኮከብ በትንሽ ቴሌስኮፕም ይታያል። ከሰቆጣ፣ በታኅሣሥ፣ ልክ እንደመሸ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል።