በልክ የተጠየቀ ሌሊት

የዶክትሬት ተማሪ ለቴሌስኮፕ ሰዓት ያቀረበው ማመልከቻ እጄ ሲገባ ቶሎ ብዬ የማየው የተጠየቀውን ጊዜ ነው። የጥናቱ ሐሳብ ከአማካሪም ሊመጣ ይችላል፤ የደቂቃው ልክ ግን የጸሐፊው የራሱ ሙያ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ሳዘርላንድ የሚገኘው ሳልት የተባለው ቴሌስኮፕ ይህን ሙያ አጥብቆ ይፈትናል። ከ91 ባለ ስድስት ጎን መስታወቶች የተገጣጠመው ዋና መስታወቱ እንደ ሌሎች ቴሌስኮፖች ቀና ዘንበል አይልም። ኮከቡን የሚከተለው ከበላዩ የሚንቀሳቀሰው መሣሪያ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ኮከብ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ለአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ምሥራቅ ላይ ያመለጠው ብዙ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ እንደገና ይገኛል።

እንግዲህ አንዲት ተማሪ በሁለት ሰዓት አንዴ የሚዟዟሩ ጥንድ ኮከቦችን ልታጠና ፈለገች እንበል። ዙሩ በአንድ ምልከታ አያልቅም። ጎበዟ ተማሪ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች፦ በምሥራቅ በኩል የዙሩን አንድ ግማሽ፣ በምዕራብ በኩል ወይም በሌላ ሌሊት ቀሪውን። የትኛው ግማሽ በየትኛው ሌሊት እንደሚደርስ አስልታ ታስቀምጣለች። አንዱ ብቻ ቢሳካ እንኳ ከእሱ ምን እንደሚገኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። እዚህ ላይ ስደርስ እጅሽ ይባረክ እላለሁ።

ቀጥሎ የእያንዳንዱ ምስል ርዝመት አለ። ሃያ ደቂቃ ብትል ኮከቦቹ በዚያ መሀል ብዙ ስለሚጓዙ የስፔክትረሙ (በየቀለሙ የተበተነው ብርሃናቸው) መስመር ይደበዝዛል፤ አንድ ደቂቃ ብትል ደካማው ብርሃን በመሣሪያው ጫጫታ ይዋጣል። አምስት ደቂቃ ትላለች፤ መስመሩ በአምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚነበብም በሥዕል ታሳያለች። የብርሃኑን ጥራት እጥፍ ለማድረግ ብዙውን ጊዜ አራት እጥፍ ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ ከሚበቃው በላይ ጥራት መመኘት የሌላውን ሌሊት መብላት ነው።

ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት ሁሉም ይፈልጋል። ኮከቧ በግማሽ ጨረቃም የምትታይ ከሆነ ግን ያንን በግልጽ መጻፍ ትልቅ ብልህነት ነው። ሳልት ላይ ምልከታውን የሚያካሂዱት የቴሌስኮፑ ባለሙያዎች ናቸው፤ የሌሊቱን ሁኔታ አይተው ከወረፋው የሚስማማውን ይመርጣሉ። ቅድመ ሁኔታ የማያበዛ ሥራ ተራው ቶሎ ይደርሳል።

ሰዓቱ ከተፈቀደ በኋላም ጥንቃቄው አይቀንስም። ለባለሙያው የሚላከው የሰማይ ካርታ ሰሜኑ ምልክት የተደረገበት፣ ኮከቧ በግልጽ የተከበበች መሆን አለበት። አጠገቧ ደማቅ ጎረቤት ካለ፣ የዚያ ብርሃን እንዳይቀላቀል የስፔክትሮግራፉ ስንጥቅ በስንት ዲግሪ መዞር እንዳለበትም እዚያው ይጻፋል።