«አንድም» እና የታተመው ቃል

በጉና ተራራ አካባቢ የምትገኘው ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ከወንጌል ነው ቢባል እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 17 የክርስቶስን መልክ መለወጥ ሲተርክ ተራራውን ረጅም ይለዋል እንጂ በስም አይጠራውም። ታቦር ነው ያሉት የኋላ ሊቃውንት ናቸው። እንግዲህ ከተማዋ የምትጠራው በንባቡ ሳይሆን በትርጓሜው ነው። የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጉም የሚመዝን ሁሉ ይህን በንባብና በትርጓሜ መካከል ያለ ርቀት መነሻው ሊያደርገው ይገባል።

የጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ ርቀቱን አልሸሸገም። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላውን ፍች ያስከትላል። ደቀ መዝሙሩ የሚቀበለው አንድ የተቆረጠ ፍች ሳይሆን ተራ በተራ የሚመዘኑ ፍቾችን ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባለው የሊቃውንት ልዩነትም የዚሁ ጉባኤ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው ጉድለት አለበት። በቃል ጥናት ላይ ስለተመሠረተ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ ባላገሩን ከጉባኤው ውጭ ያስቀራል፤ አማራጮቹም ቀድሞ ከጸደቀው የሃይማኖት አጥር እምብዛም አይወጡም።

አጥሩን የነቀነቀው የታተመው አማርኛ ነው። ጎጃሜው አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) ከፈረንሳዊው አስሊን ደ ሸርቪል ጋር በካይሮ ያዘጋጀው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1840 በሙሉ ታተመ። ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር የገባው የአማርኛ ወንጌል ይዞ ነበር። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩት የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያንም የመጡት ቃሉን ለማዳረስ ነበር፤ ታሪክ በይበልጥ የሚያስታውሳቸው ግን ሴባስቶፖል በተባለው መድፍ ነው።

የአንድ ቃል ምርጫ ምን ያህል እንደሚከብድ የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 ቁጥር 34 ያሳያል። የግሪኩ ግስ ስለ ሌላው ቀርቦ ማመልከትን ይናገራል። ግእዙ «ይትዋቀሥ» ይላል፤ ከአማርኛው «መውቀስ» ጋር ሥሩ አንድ የሆነ፣ ሙግት የሚያሰማ የሸንጎ ቃል ነው። የ1954 ዓ.ም. እትም «የሚማልደው» አለ፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የ2000 ዓ.ም. እትም ወደ መፍረድ አዘነበለ። ማላጅ በዳኛ ፊት የሚቆም ነው፤ ፈራጅ ግን ዳኛው ራሱ ነው። አንዱ ወገን በመጀመሪያው ቃል የክርስቶስን ብቸኛ አማላጅነት ይደግፍበታል፤ ሌላው ምልጃ የቅዱሳን፣ ፍርድ የአምላክ ነው ብሎ ሁለተኛውን ይይዛል። ለግሪኩ የሚቀርበው «የሚማልደው» መሆኑ አይካድም። ሆኖም ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሁለቱም አንድ ነገር አጉድለዋል፤ በግእዙ ውስጥ የሚሰማው ሙግት ከሁለቱም ጠፍቷል። አንባቢው ምርጫ መደረጉን እንኳ አያውቅም።

ይህ ማለት ግን የሃይማኖት ልዩነት ሁሉ የተርጓሚ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደቀባው ይናገራል። ቅባቶች፣ ጸጋዎችና ካራዎች ያነበቡት ግእዝ አንድ ነበር፤ ስለ መቀባቱ ያስተማሩት ግን ሦስት ነው። ክርክሩ ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪጠሩ ድረስ አገር ከፋፍሏል። ንባቡ አንድ መሆኑ ሰላም አላመጣም።

የመጻሕፍቱ ቁጥርም የጥናቱን አድማስ ይወስናል። ስድሳ ስድስት መጻሕፍት ብቻ የያዘ እትም የሚያነብ ተማሪ የይሁዳ መልእክት ሄኖክን ሲጠቅስ ምንጩን ከእጁ አያገኘውም። መጽሐፈ ሄኖክ ግን በሙሉ ተጠብቆ የደረሰው በግእዝ ነው።

ስለሆነም ተፈላጊው ነገር የመጨረሻውን ትርጉም ማወጅ አይደለም። ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን ይታተሙ፤ ተርጓሚውም የተወውን ፍች በኅዳጉ ይመዝግብ። የጉባኤ ቤቱ «አንድም» ወደ ማተሚያ ቤት ቢሻገር ባላገሩ አንባቢ ትናንት የሊቃውንት ብቻ የነበረውን የመመዘን ሥልጣን ያገኛል። መምህሩም ደቀ መዝሙሩ «ሌላው ፍች የታለ?» ብሎ ሲጠይቀው ኅዳጉን ገልጦ ሊያሳየው ይችላል።