ከማን፣ ለማን

በድሮ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፦ የተላከ ከእገሌ፣ ይድረስ ለእገሌ። ማኅተሙም የሚያርፈው ሁለቱን ስሞች በያዘው ወረቀት ላይ ነው። የቁልፍ ልውውጥ ፕሮቶኮል መንደፍ ስጀምር ይህን ከወግ አስበልጬ አላየሁትም ነበር።

ሥራው በሰቆጣ ዙሪያ ላሉ ጤና ኬላዎች ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሕፃናቱን መዝና በታብሌት ትመዘግባለች፤ ኔትወርክ ሲገኝ መዝገቡ ወደ ሰርቨር ይሄዳል። ከሸንተረሩ ጀርባ ቱጂ ከተገኘም እሰየው ነው። በቱጂ አንድ ምልልስ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ ያልፋል፤ መሐል ላይም ይቋረጣል። ስለዚህ ምልልሱን ከሁለት ወደ አንድ አወረድሁት፤ የኢንተርኔት ምስጠራ ፕሮቶኮሉ ቲኤልኤስ 1.3ም እ.ኤ.አ. በ2018 ያደረገው ይህንኑ ነው። 32 ባይት ቁልፍ ይሄዳል፣ 32 ባይት ይመለሳል። ሁለቱ ወገኖች ዲፊና ሄልማን በ1976 ባሳዩት መንገድ፣ መሐል ላይ የሚያዳምጥ የማይደርስበትን ምስጢር ያወጣሉ። ከማን ጋር እንዳወጡት የሚነግራቸው ግን ዲጂታል ፊርማ ነው።

እኔ ስሞቹን ከሚፈረመው ውስጥ አወጣኋቸው። የታብሌቱ ስም በመጀመሪያው መልእክት ተጽፎ የለ፣ መድገሙ ምን ይጠቅማል ብዬ።

አንድ ባልደረባዬ «መሐል የሚገባው የራሱ የተመዘገበ ቁልፍ ያለው ሌላ ታብሌት ቢሆንስ?» አለኝ። ወረቀት ላይ ሠራነው። ምስጢር አልተሰበረም፣ ማንም ምንም አላነበበም፤ የድሃና ወረዳ ሕፃናት ክብደት ግን በጻግብጂ ወረዳ ታብሌት ስም ተመዘገበ። መቀንጨርን እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስወገድ በ2015 የታወጀው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራው ያለ ነገር አይደለም። የአንድ ወረዳ ረኀብ በሌላው ስም ከተጻፈ እርዳታውም መንገዱን ይስታል።

ስም በመተው የተሳሳትሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የማንነት ማረጋገጫው የኒድሃምና የሽሮደር ፕሮቶኮል ከ1978 ጀምሮ 17 ዓመት ታምኖ ኖሯል። ጋቪን ሎው በ1995 ቀዳዳውን ሲያገኝ ያቀረበው መድኃኒት የመላሹን ስም በመልሱ ውስጥ ማስገባት ነበር።

እስካሁን የሚቆጨኝ ቁጠባዬ ባዶ መሆኑ ነው። የምንጠቀምበት ፊርማ ስም ቢገባበትም ባይገባበትም 64 ባይት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚጨምረው ሸክም የለም። ምልልስ መቀነስ ለሰቆጣ ዙሪያ የግድ ነው፤ ከሚፈረመው ላይ መቀነስ ግን ማንንም አያሳርፍም።

አሁን ሁለቱም ስሞች ይፈረማሉ። ድሃና ብሎ የጀመረ ታብሌት ለጻግብጂ የተፈረመ መልስ ሲደርሰው ግንኙነቱን ይዘጋል፤ መዝገቡም ትክክለኛው መልስ እስኪመጣ ባለሙያዋ እጅ ይቆያል።