ሁለት ቋንቋ ባንድ አፍ

ልብ ወለድ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ሤራውን አይደለም። ሰዎቹ ሲያወሩ ነው የማዳምጠው። ያደግሁት ጨፋ ሮቢት ነው። እኛ ገበያ የፍየል ዋጋ ክርክር በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፤ መሐል ላይ «ወላሂ» ይገባል፤ በበጋ ደግሞ ከብቶቹን ይዞ ወደ ጨፋ ሣር የመጣ አፋር በሁለቱም ይመልስላችኋል። ማንም ቋንቋ የቀየረ አይመስለውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አማርኛ፣ ያውም የደራሲውን አማርኛ፣ የሚናገርበት መጽሐፍ ቶሎ ይሰለቸኛል። በዚህ ክረምት ስላነበብኳቸው የምነግራችሁም በዚሁ ጆሮ ነው።

የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ዘግይቼ ነው ያነበብኩት፤ መጽሐፉ የወጣው በ2001 ነው። በሁለት ሌሊት አለቀ። የጣና ገዳማትንና የስለላ ድርጅቶችን አንድ ላይ አስሮ እንዲህ ማስሮጥ ቀላል ሥራ አይደለም፤ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ስንቱን ጓደኛዬን አንባቢ አድርጎታል። ግን መነኩሴውም ሰላዩም ሲናገሩ አንድ ድምፅ ናቸው። ከጨረስኩት በኋላ ሩጫው እንጂ የማንም ድምፅ ጆሮዬ ላይ አልቀረም።

«አደፍርስ» ሌላ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ሲያሳትመው ብዙ ሰው ከብዶት እንደተወው ይወራል፤ ዛሬም ይከብዳል። እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያኔ ተከፈተ። መጽሐፉ የሚሠራው በወሬ ነው። ተራኪው አብዛኛውን ጊዜ ዞር ይልና ሰዎቹን ብቻቸውን ይተዋቸዋል፤ እነሱም በምሳሌያዊ አነጋገር ይወጋጋሉ፣ ነገር ያጣምማሉ፣ ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ። አደፍርስ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ነው፤ ሲናገር እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን የደራሲው ድክመት አድርጌ ነበር የወሰድኩት፣ ዓላማው ግን እሱ ነው። የልጁ ንግግር ቀጥ ያለ ነው፣ የወይዘሮ አሰጋሽ ንግግር ደግሞ ጠመዝማዛ፤ ቀጥ ያለው እየተሸነፈ ይሄዳል። ለውጥ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ሆኖ በአነጋገር ሲሸነፍ ያየሁበት ሌላ አማርኛ ልብ ወለድ የለም። (ምሳሌያዊ ንግግሩ አንዳንዴ ይበዛል። አንዳንዱ ገጽ መዝገበ ቃላት ይሆናል፣ እዚያ ላይ ዘለልኩ፤ አላፍርበትም።)

ታሪኩ የሚካሄድባት አርማንያ የኛው መንገድ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትመጡ ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት በፊት። ከዚያ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ከሚሴ። ያም ሆኖ የመጽሐፉ ጆሮ እዚያው አርማንያ ላይ ተተክሏል፤ እኛ ድረስ አይወርድም። ዳኛቸውን በዚህ አልወቅሰውም፤ የደብረ ሲና ልጅ ነው፣ የሰማውን ጻፈ። የሚያሳዝነኝ ከእሱ በኋላ አንድ ሰው ጥቂት ከተማ ወረድ ብሎ በዚያው ጥራት አለማዳመጡ ነው።

ወረድኩ ያለ ነበር ለማለት ያህል፣ የተስፋዬ ገብረአብን «የቡርቃ ዝምታ» አነሳሁ። በ1992 ከወጣ ጀምሮ ጠብ ያልተለየው መጽሐፍ ነው። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምለው ስለ ንግግሩ ነው። እዚያ ውስጥ ኦሮሞውም አማራውም አፉን ሲከፍት ለሕዝቡ ወክሎ ነው የሚናገረው። ጨው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው ወደ ወኪልነት ሲቀየር ደግሞ መጥላት ይቀላል። አንባቢን የሚያናድደው የተጻፈው በደል ብቻ አይመስለኝም፤ በደሉን የሚሸከም ሰው አለመኖሩም ነው። የዳኛቸውን ሰዎች ልጠላቸው ሞክሬ አልቻልኩም፤ ያስቁኛል።

«ጎዳኒሳ»ን በቁቤ ነው ያነበብኩት። ጠባሳ ማለት ነው፤ ዳባ ወየሳ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተመው፣ የቁቤ ጽሕፈት ይፋ ሆኖ ብዙም ሳይቆይ። ከመጀመሪያዎቹ የአፋን ኦሮሞ ልብ ወለዶች አንዱ ስለሆነ ብዙ እዳ ተሸክሟል፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቋንቋው ልብ ወለድ እንደሚችል ለማስመስከር የቆመ ይመስላል። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። እናቴን ጥቂት ገጽ አነበብኩላትና «ይሄ የሬድዮ ኦሮምኛ ነው» አለች። የወሎ ኦሮምኛ ከምዕራቡ ይለያል፤ የእናቴ አፍ ደግሞ በመሐሉ አማርኛ አለበት። የአማርኛው ልብ ወለድ የእናቴን ግማሽ ይዞ ሌላውን ይጥላል፣ የኦሮምኛውም እንዲሁ። በኦሮምኛ የሚናገር ሰው የሚያስገቡ አማርኛ ልብ ወለዶች ደግሞ ወዲያው በቅንፍ ይተረጉሙለታል፤ ምስኪኑ ሁለቴ ይናገራል። እስቲ አንዱ ደራሲ ሳይተረጉም ይተወው! ጎንደር ያለው አንባቢ ካልገባው ሰው ይጠይቅ፤ እኔም የአርማንያን ምሳሌዎች ጠይቄ ነው የገቡኝ።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል በዚህ መንገድ ላይ ሰው በአፉ ነበር የሚለየው። አንድ ቃል ብቻ ሰምቶ ይኸኛው የኛ፣ ያኛው የነሱ የሚል ጆሮ እንዴት እንደሚፈጠር አላውቅም፤ መጽሐፎቻችን ግን ሌላ ዓይነት ጆሮ አላስለመዱንም።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ቤቴ የቀረበኝ ልብ ወለድ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሁሴን አህመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንዱ ብሪል የታተመው። አጻጻፉ ደረቅ ነው፣ የግርጌ ማስታወሻው ይበዛል። ግን የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችን ከሽማግሌዎች ቃል ጋር አስቀምጦ ያመሳክራል፣ ሲጋጩም ግጭቱን አይደብቅም። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣውን የግዳጅ ማጥመቅ ሲያወራ ድምፁን አይጨምርም፤ ለዚህ ነው የሚያመው። ከሚሴ አጠገብ ያለችው የድንጋይ ቤቶቿ ሾንኬ በእሱ ገጾች ውስጥ የጎብኚ ፎቶ አይደለችም፣ ሰው የሚማርባት ቦታ ናት። በአማርኛም በኦሮምኛም ተተርጉሞ አላየሁትም። የብሪል ዋጋ ደግሞ የአንድ ፍየል አይደለም፣ የመንጋ ነው።

አሁን የያዝኩት በሸህ ሁሴን ጅብሪል ስም የሚታተመውን የትንቢት ግጥም ስብስብ ነው። አሳታሚዎቹ እያንዳንዱን ግጥም ከኋላ ከመጣ ንጉሥ ጋር ለማጋጠም ሲጣደፉ ያበሳጩኛል፤ ማብራሪያውን እየዘለልኩ ግጥሙን ብቻ ነው የማነበው። አማርኛው የወሎ ነው፣ ዐረብኛው ሳይተረጎም መሐሉ ይቀመጣል፣ ቅንፍ የለውም። ማታ ማታ ለእናቴ አነብላታለሁ፤ እስካሁን የሬድዮ ነው አላለችም።